የወረቀቱ ጭራ

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለማታ ትምህርት ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው መስከረም ስለሆነ እስከዚያ ባዶውን ከሚቀመጥ ልጻፍበት ብዬ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እጄ ጽሑፍ እንዳይረሳ።

ዛሬ ጠዋት ከሁሩታ የመጣው የናሙና ሳጥን ላይ ያለው ወረቀት «አሥራ ሁለት ቲዩብ ደም» ይላል። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።

«ኧረ ፈርሚልኝ ባክሽ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልመለስ» አለ ሾፌሩ።

አልፈረምኩም። ሥራ የገባሁ ሰሞን ሳልቆጥር ፈርሜ አቶ ወልደጻድቅ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ ባለቤት፣ በሰው ፊት ተቆጥተውኛል። «ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፤ አንቺ እጅሽ የቆጠረውን ብቻ ፈርሚ» ነው ያሉኝ። ሾፌሩ እያጉረመረመ መኪናውን ሲፈትሽ አንዷ ቲዩብ ወንበር ሥር ተንከባላ ተገኘች። አመሰግናለሁ አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩም። ምንም አለማለት ይቀለኛል።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

አዲሱን ማሽን አላምነውም።

ድሮ የሁሩታና የበቆጂ ቅርንጫፎች እዚያው የሠሩትን ምርመራ በስልክ ነበር የሚነግሩን። አሁን በኔትወርክ ይልካሉ፣ እዚህ አሰላ ያለው ማሽን ተቀብሎ ያትመዋል። እኔ ማኅተም አድርጌ፣ በየስሙ አጥፌ፣ ከሰዓት በሚመለሰው ሚኒባስ እልካለሁ። ፕሮግራሙን የሠራው ሰላሁዲን ነው። አዳማ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ሲናገር መሬት መሬት ያያል። መሬት የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል። (እኔም መሬት ነው የማየው። የእኔ ግን ሌላ ነው።)

አንዳንዱ ወረቀት ጭራ ያወጣል። ከውጤቱ በታች ትርጉም የሌለው ምልክት፣ ትንንሽ ሳጥን፣ የተዛባ ፊደል። ስለሚያስጠላ በመቀስ እቆርጠዋለሁ። አቶ ወልደጻድቅ ንጹሕ ወረቀት ይወዳሉ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ከቆረጥኩት ጭራ ላይ የሰው ስም ነበር። ወረቀቱ የአንድ ሽማግሌ ነው፤ ጭራው ላይ ግን የሴት ስም፣ ግማሹ። ሴትየዋ ባለፈው ሳምንት የተመረመረች ናት።

ማሽኑ የእሷን ስም ይዞ ለምን ያስቀምጣል? ሰላሁዲን ለራሱ እንዲያስቀምጥለት አድርጎ ይሆናል። የከተማውን ሰው ሕመም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ መጥቶ ማሽኑን ሲነካካ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየሁት። ሃያ ደቂቃ ቆየ። ሁለቴ አስነጠሰ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጭራዎቹን ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም። ቆሎ የምትሸጠዋ ሴትዮ ከደጃችን ወረቀት ለመጠቅለያ ትለቅማለች፤ የሰው ስም ቆሎ ሲጠቀለልበት ይታየኛል። በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማቸዋለሁ። ከጀርባቸው ቀኑን እጽፋለሁ።

ለአቶ ወልደጻድቅ ልንገራቸው? «ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?» ቢሉኝስ?

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 4

አልነገርኳቸውም። ነገ ደግሞ ፈቃድ ነኝ፤ አባቴ ኦጎልቾ ጠርቶኛል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከኦጎልቾ ተመለስኩ። አባቴ ደኅና ነው። ቱሳ የሚባለው ሰውዬ ቤታችን ነበር። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። ሦስት ልጆች አሉት፣ ትልቋ በእኔ ዕድሜ ናት። ከእኔ ጋር ምንም አላወራም፤ ከአባቴ ጋር ስለ ዘር ስንዴ ነው ያወሩት። ሲወጣ ጫማዬን አየ።

አባቴ እስከ መንገድ ሸኘኝ። «ሥራሽ ላይ እስካለሽ ድረስ ማንንም ሽማግሌ አላስገባም» አለኝ። «ሥራ ከሌለሽ ግን እኔስ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ሥራዬ ላይ እስካለሁ ድረስ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሶፊ ደም እየቀዳች ከአንድ ደንበኛ የሰማችውን ነገረችኝ። ሶፊ እዚህ አራት ዓመት የሠራች ናት፣ አፏ አያርፍም።

«ሁሩታ መናኸሪያው ጋር ምግብ ቤት ያላት ብርቄ የሚሏት የለችም? የጉበት ቫይረስ ተገኘባት አሉ። ሰው እግሩን ነቀለ። ትናንት አንድ ሰሃን አልሸጠችም።»

«ማን አለ?» አልኳት።

«የአሰላ ላቦራቶሪ አለ።» አየችኝ። «አሰላ ስንት ላቦራቶሪ አለ መሰለሽ ሁሩታ ቅርንጫፍ ያለው?»

ለምን እንደዚያ አየችኝ? ወረቀቶቹን የማጥፈው እኔ ስለሆንኩ? እኔ እኮ ለአክስቴ እንኳ የሰው ውጤት ነግሬ አላውቅም። አክስቴ ጋር ነው የማድረው፣ ማታ ስለ ሥራ ስትጠይቀኝ «ደኅና ነው» ብቻ ነው የምላት።

ወይስ ራሷ አውርታ ነው? ከእኔና ከእሷ ሌላ ወረቀት የሚነካ የለም። ሰላሁዲን ግን መንካት አያስፈልገውም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ዝናብ። ሁለት ጭራ። ሁለቱም ከሁሩታ።

እትዬ ብርቄ በስልክ ደውላ አቶ ወልደጻድቅን ጮኸችባቸው። ድምጿ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋር ደረሰ። «የጤና ካርዴን ላሳድስ እጄን ዘርግቼ ደም ሰጠኋችሁ፣ እናንተ ስሜን ገበያ አወጣችሁት!» እሳቸው «እናጣራለን፣ እናጣራለን» ብቻ። ስልኩን ሲዘጉ በር በሩን አዩ። በሩ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 15

ተገኘ። ቆርቆሮው። ሶፊ መቀስ ስትፈልግ መሳቢያዬን ከፈተች።

አቶ ወልደጻድቅ ጭራዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። ሃያ ሦስት። የሰው ስም፣ ግማሽ ስም፣ «ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም»።

«ኤፊ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ማሽኑ ነው የሚያወጣው፣ ስለሚያስጠላ እቆርጠዋለሁ ልል ነበር። ከአፌ ግን «ቆረጥኩት» ብቻ ወጣ።

«አየሁ መቆረጡን። ለምን ታጠራቅሚዋለሽ? ለማን?»

ሶፊ ጓንቷን እያወለቀች «ዝምተኛ ሰው እኮ ነው የሚያስፈራው» አለች። ቀልድ አስመስላ።

አቶ ወልደጻድቅ እስከ ወሩ መጨረሻ አጣራለሁ አሉኝ። ከእኔ ከሆነ ለአባቴ ደውለው እንዲወስደኝ ያደርጋሉ። የማታ ትምህርት ደብዳቤዬንም አልፈርምም አሉ። ቱሳን አሰብኩ። ጫማዬን ያየበትን ዓይን።

ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርኳቸውም? ለምን? ባልቆርጠው ኖሮ ሁሉም ሰው ያየው ነበር።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

አቶ ወልደጻድቅ ሰላሁዲንን ጠሩት። ያው ሹራብ። ጭራዎቹን ሰጡትና «ይሄ ከማሽንህ የወጣ ነው?» አሉት። «አይመስለኝም» ሲል ሰማሁ። አይመስለኝም!  ግን ጠላሁት ማለት አልችልም፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ጀርባቸውን ያነብ ነበር።

እሳቸው ሲወጡ ወደ እኔ መጣ።

«ከጀርባ ያለው ቀን ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሌላ ምን ታስታውሻለሽ?»

«ሁሉም የሁሩታ ናቸው። ሁሉም ዝናብ የጣለ ዕለት ነው።»

ጭራዎቹን እንደ ቀናቸው ደረደራቸው። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት አስረዳኝ። እንዳልረሳው በደንብ እጽፈዋለሁ።

ከሁሩታ የሚመጣው መልእክት ፓኬት ይባላል። ፓኬቱ መጀመሪያ ላይ «ርዝመቴ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ይይዛል። የሰላሁዲን ፕሮግራም ያንን ቁጥር ያይና ያንን ያህል ፊደል ያነባል። የሁሩታው ማሽን ሁልጊዜ የሙሉ ቅጹን ርዝመት ነው የሚጽፈው። ዝናብ ጥሎ ኔትወርኩ ሲዳከም ግን ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል።

«ሲጎድልስ ፕሮግራምህ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ማንበቡን ይቀጥላል። ፓኬቱ ካለቀ በኋላ ከጎኑ ያለውን ያነባል። እዚያ ደግሞ ቀድሞ የመጣ የሌላ ሰው ውጤት ፍርስራሽ አለ፤ ማሽን የተጠቀመበትን ቦታ ወዲያው አይጠርግም።»

«ሳይቆጥር ነው የሚፈርመው?»

መጀመሪያ አልገባውም። ስለ ናሙና ሳጥኑ ነገርኩት፤ ወረቀቱ አሥራ ሁለት ሲል እኔ አሥራ አንድ የቆጠርኩበትን። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው።

«አዎ» አለ። «ሳይቆጥር ነው የሚፈርመው።»

ለምን ማሽኑ ራሱ እንዳላስቆመው ጠየቅሁት። ተራ ፕሮግራም ቢሆን ከክፍሉ ወጥቶ የሰው ክፍል ሲያይ ይያዝ ነበር አለኝ። የእሱን ግን ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ እንዲፈጥን ብሎ ከርነል ውስጥ ነው ያስገባው። «ከርነል የማሽኑ ጓዳ ነው። ጓዳ የገባን ማን ይፈትሸዋል?»

ሲናገር ይኩራ ይፈር አልለየሁም። ይህን ሁሉ ለእኔ ለምን ይነግረኛል? ነገ «ልጅቷ ታውቅ ነበር» ሊል ይሆን?

ከሰዓት ሶፊ ጓሮ ጠራችኝ።

«አንቺ ኦጎልቾ የሄድሽ ቀን ረጅም ወረቀት ወጥቶ ነበር። እኔ መች አነበብኩት፣ አጥፌ ላክሁት።» እጄን ያዘች። «ለጋሼ እንዳትነግሪብኝ፣ እሺ የኔ እናት?»

እኔ ስጠረጠር ሦስት ቀን ዝም ያለች ሴት።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሰላሁዲን አስተካከልኩት አለ። አሁን ፕሮግራሙ ከማንበቡ በፊት ሁለት ቁጥር ያነጻጽራል፦ ፓኬቱ አለኝ ያለውንና በእርግጥ የደረሰውን።

«ሲያንስስ?»

«የደረሰውን ብቻ ያትማል።»

«ግማሽ ውጤት?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴን አስደነገጠኝ። «እኔ ጎዶሎ ሳጥን አልቀበልም፣ እመልሰዋለሁ። ግማሽ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ሰው ቀሪውን ከየት ያመጣል?»

አሰበበት። «እሺ። ይጥለዋል፣ ሁሩታም እንደገና ይልካል።»

አቶ ወልደጻድቅ ከወዲያኛው ክፍል «ምን ያወራሉ እነዚህ?» አሉ። ሶፊ «ስለ ሳጥን» አለች፤ ሳቀች። አፍሬ ቀላሁ።

ሐምሌ 22፣ 23፣ 24

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ጭራ የለም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ጭራ ወጣ!

ሁለት ምርመራ ያለው ወረቀት ነው። በሁለተኛው ምርመራ ሥር፣ አጭር፣ አምስት ፊደል። አልቆረጥኩትም። እንዳለ ለአቶ ወልደጻድቅ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። በአንድ ወር ውስጥ ያደረግሁት ትክክለኛ ነገር ይህ ብቻ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከማተሚያው ሲወጣ ትኩስ ነበር፤ እኔ ልጽፈው አልችልም ነበር፣ ያንን ያውቃሉ።

ሰላሁዲን ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ርዝመቱን እኮ አነጻጽሬዋለሁ» ይላል ደጋግሞ።

የናሙና ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ሳጥኑ ውስጥ መደርደሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ መደርደሪያ የራሱ ትንሽ ወረቀት አለው፦ «ስድስት»፣ «አራት»። የሳጥኑ ድምር ልክ ሆኖ አንዱ መደርደሪያ ላይ የተጻፈው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

«አንተ የቆጠርከው ሳጥኑን ነው» አልኩት። «መደርደሪያዎቹንስ?»

ፓኬቱ ውስጥም እያንዳንዱ ምርመራ የራሱ የርዝመት ቁጥር አለው ለካ። የውጩን ብቻ ነበር የፈተሸው። የውስጦቹን አምኗቸው ነበር።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

አሁን ፕሮግራሙ በየእርምጃው «ስንት ቀረኝ?» ይላል። እያንዳንዱን ቁጥር ከማንበቡ በፊት እንኳ፣ ቁጥሩ ራሱ የሚያህል ቦታ መቅረቱን ይጠይቃል። ካልቀረ እጁን አይዘረጋም። ሰላሁዲን ሁለት ቀን ሙሉ ሆን ብሎ ውሸታም ፓኬቶችን ሲልክበት ዋለ፦ ባዶ፣ የተቆረጠ፣ ርዝመቴ ዜሮ ነው የሚል፣ ርዝመቴ ዓለምን ያህላል የሚል። ሁሉንም ጣላቸው። እኔ ማተሚያው ሥር ቆሜ ነበር። አንድም ፊደል አልወጣም።

ከዚያ እኔ ኦጎልቾ በሄድኩበት በሐምሌ 5 የወጣውን ረጅም ወረቀት አጣራን። ሶፊ ራሷ ለአቶ ወልደጻድቅ ነገረቻቸው፤ አለቀሰችም። ወረቀቱ የተላከለት የሁሩታ ሰውዬ ፎቶ አንስቶት ነበር፣ ለቅርንጫፋችን አሳየ። ጭራው ላይ «ብርቄ» ይላል፣ ከሥሩ «የጉበት ቫይረስ፦ ተገኝቷል»። መዝገቡን ገለጥን። የእትዬ ብርቄ ውጤት «አልተገኘም» ነው። ስሙ ከአንድ ፍርስራሽ፣ ውጤቱ ከሌላ ሰው ፍርስራሽ ነው የመጣው። ሁለቱ በአጋጣሚ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

ሴትየዋ ጤነኛ ናት። ሦስት ሳምንት ሰው የሸሻት በከንቱ ነው።

ውጤቱ የማን እንደሆነ መዝገቡ ላይ አየሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አቶ ወልደጻድቅ ሦስታችንን አስቀምጠው «ማሽኑ ተስተካክሏል፣ ነገሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ያልቃል» አሉ። ለእትዬ ብርቄ ንጹሕ ወረቀት ይላክላታል። ማሽኑ መሳሳቱን ግን ማንም አያውቅም። ቢታወቅ ማን ደሙን ይሰጠናል?

«ሰው ግን ወሬው ከእኔ እንደወጣ ነው የሚያስበው» አልኩ። መሬት እያየሁ።

«ሰው ይረሳል። ሥራሽ አለ፣ ደብዳቤሽን እፈርማለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?»

ምን እንደምፈልግ አላወቅሁም። ደብዳቤው ከፊቴ ነበር፣ እስክሪብቶውም። ፈረሙ። ዝም ካልኩ ቱሳ የለም፣ መስከረም ክፍል እገባለሁ። ካወራሁ ያባርሩኛል፤ አላሉኝም፣ ግን ገባኝ።

ንጹሕ ወረቀት ስላላት ብቻ ማን መጥቶ ምሳ ይበላላታል?

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሰላሁዲን ደጅ ጠብቆ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ስሙንና ፊርማውን አድርጎበታል። «ስህተቱ የእኔ ፕሮግራም ነው፤ የልጅቷም የሴትየዋም አይደለም» ይላል።

«ጋሼ ካወቁ የበቆጂውን ቅርንጫፍ ሥራ አይሰጡኝም» አለ። «ግን ያዢው።»

«ለምን ራስህ አትሄድም?»

ሳሉ መጣበት። ወይም መጣብኝ አለ። አንዳንዴ ሰውን ሙሉ በሙሉ ማመን አይቻልም፤ ግማሹን ግን አምኜ ተቀበልኩት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሁሩታ ሄጄ ነበር። አስፈቅጄ አይደለም። ለአክስቴ ብቻ ነገርኳት፤ ነጠላዋን ሰጠችኝ እንጂ አልከለከለችኝም።

የእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ ሁሉም ባዶ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ጾሙን የሚፈታበት ሰዓት ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ቤት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ክንዷን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለችኝ መጀመሪያ፣ እንደ እንግዳ። በኦሮምኛ ነይ፣ ተቀመጪ ማለቷ ነው። ከላቦራቶሪው ነኝ ስላት ክንዷ ተፈታ።

«አንቺ ነሻ። ዝምተኛዋ። ወረቀት የምትደብቂው።»

ወሬዬ እስከዚህ ድረስ ነው የደረሰው።

ያስታወስኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ፓኬቱ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ፍርስራሹ። ጭራውን በመቀስ እቆርጥ እንደነበር፣ ባልቆርጥ ቀድሞ ይታወቅ እንደነበር። ሲቆራረጥብኝ ቆም እያልኩ እንደገና ጀመርኩ። የሰላሁዲንን ወረቀት ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ወረቀት አታሳዪኝ» አለች። «እኔን ያጠፋኝ ወረቀት ነው።»

ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

«እንግዲያው ምሳ ይስጡኝ» አልኳት።

«ምን?»

«የጾም ያለውን። እዚህ፣ በሩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ።»

ጓዳ ገብታ ሽሮ አመጣች። ሚኒባሶቹ ያያሉ፣ ረዳቶቹ ያያሉ፣ ማዶ የቆሙት ሁሉ ያያሉ።  አንዱ ረዳት «እህት፣ አልሰማሽም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ሰምቻለሁ!» አልኩ። «የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነኝ! ማሽኑ ነው የተሳሳተው! እሷ ጤነኛ ናት!»

ይህን ያህል ጮኼ አላውቅም። 

ስልኬ ጠራ። አቶ ወልደጻድቅ ናቸው።

«የት ነው ያለሽው? እስካሁን በር ላይ ናሙና የሚቀበል የለም!»

«ሁሩታ ነኝ። እትዬ ብርቄ ጋር ምሳ እየበላሁ ነው። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ስጫት» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ብርቄ ስልኩን ተቀብላ አዳመጠች።  

«ይቅርታዎን በስልክ አልፈልግም» አለቻቸው። «ነገ ይምጡና ይቺ ልጅ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይብሉ። ልጅቷንም ይዘዋት ይምጡ። ብቻዎን ከመጡ፣ አባረዋታል ማለት ነውና በሬን አልከፍትልዎትም።»

ስልኩን መለሰችልኝ። አልዘጉትም ነበር፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ነገ ስንት ሰዓት ይመቻታል?» አሉ።